ደም ሲደጋገም ብረቱ የት ይሄዳል?

በቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ከውጭ በሚገባ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ መድኃኒት አይጠፋም። የግፊት፣ የስኳር፣ የመገጣጠሚያ ቅባት፤ ቤት ውስጥ የካንሰር ታማሚ ካለ ደግሞ ትልቅ ጠርሙስ መልቲቫይታሚን። «እማዬ ደሟ አንሷል ስላላችሁኝ አይረን ያለበትን መርጬ ነው ያመጣሁላት» ይላል አምጪው፣ ከልቡ። ግን እናትየዋ ደም በተደጋጋሚ እየወሰደች ከሆነ የጎደላት አይረን ላይሆን ይችላል። እንዲያውም ተርፏት መውጫ አጥቶ ይሆናል።

አይረን የምንለው የብረት ማዕድን በአብዛኛው የሚገኘው በቀይ የደም ሴሎች ሄሞግሎቢን ውስጥ ነው። አንድ ከረጢት ደም (ሐኪሞች «ዩኒት» ይሉታል) ከ200 እስከ 250 ሚሊግራም ብረት ይዞ ይገባል። ጤነኛ ሰው ከምግብ የሚያገኘው በቀን ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም ብቻ ነው፤ ያንኑ ያህል ደግሞ በሚረግፉ የቆዳና የአንጀት ሴሎች ያጣል። ከዚህ በላይ የሆነውን ትርፍ ሰውነት የሚያስወጣበት መንገድ የለውም። የአንድ አዋቂ ሰው ጠቅላላ ብረት ከ3 እስከ 4 ግራም ነው፤ ሃያ ከረጢት የወሰደ ታማሚ ግን ሌላ ከ4 እስከ 5 ግራም ተጨምሮበታል።

ትርፉ መጀመሪያ ጉበት ላይ ይከማቻል፤ ቀስ እያለም ልብን፣ ስኳር የሚቆጣጠረውን ቆሽትና ሆርሞን አመንጪ ዕጢዎችን ይጎዳል። አስቸጋሪው ነገር ምልክቱ መዘግየቱ ነው። ድካሙን ሁሉም ለካንሰሩ ወይም ለኬሞቴራፒው ይሰጠዋል። የቆዳ መጥቆር፣ አዲስ የመጣ ስኳር፣ የልብ ምት መዛባት፣ የትንፋሽ ማጠርና የእግር ማበጥ ሲታዩ ጉዳቱ ሰንብቷል።

ይህ የሁሉም ካንሰር ታማሚ ጉዳይ አይደለም። ለጡት ቀዶ ሕክምና ሁለት ከረጢት የወሰደች ሴት በዚህ መጨነቅ የለባትም። የሚመለከተው በዋናነት የደም ካንሰር ያለባቸውን፣ በተለይም መቅኒያቸው ጤናማ ደም መሥራት ያቃተውን የኤምዲኤስ ታማሚዎች፣ እንዲሁም ለመቅኒ ንቅለ ተከላ የሚዘጋጁትን ነው። ብረት ይበዛል ተብሎም ደም እምቢ አይባልም። ሄሞግሎቢኑ ክፉኛ ለወረደ ሰው ከረጢቱ ዛሬን የሚያሻግር ነው፤ ብረቱ የሚያሳስበው ለነገ ነው።

ስለዚህ መቁጠር ያስፈልጋል፤ ቆጠራው ደግሞ በአብዛኛው ቤተሰብ እጅ ላይ ይወድቃል። ደሴ ሁለት፣ ጥቁር አንበሳ አምስት፣ አንድ የግል ሆስፒታል ሦስት የወሰደ ታማሚ በመጨረሻ ለንቅለ ተከላ ከቦሌ ወደ ዴልሂ ሲበር ጠቅላላ ድምሩን የያዘ አንድም ካርድ ላይኖር ይችላል። ከንቅለ ተከላ በፊት የተከማቸ ብረት ከከፋ ውጤት ጋር ተያይዞ ስለታየ የዚያኛው ሐኪም መጠየቁ አይቀርም። ቀኑንና የከረጢቱን ብዛት ማስታወሻ ደብተር ላይ መጻፍ ይበቃል። የሚቆጠረው ቀዩ ነው፤ ቢጫው ከረጢት ፕላትሌት ወይም ፕላዝማ ስለሆነ ያለው ብረት እዚህ ግባ አይባልም።

ቀይ ከረጢቱ ከአሥር ሲያልፍ «ፌሪቲን ይታይልኝ» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ፌሪቲን የሰውነት የብረት ጎተራ ነው፤ በደም ምርመራ ሲለካ በሚሊሊትር ከ1,000 ናኖግራም በላይ ሆኖ ከቀጠለ ሐኪሞች ስለ ሕክምና ማሰብ ይጀምራሉ። ከቀጠለ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ኢንፌክሽንም ካንሰሩ ራሱም ፌሪቲንን ከፍ ስለሚያደርጉ አንድ ውጤት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

እንጀራ መከልከልስ? አያስፈልግም። ጤፍ በብረት የታወቀ ቢሆንም ከፊሉ አውድማ ላይ ሲወቃ የተቀላቀለው የአፈር ብረት ነው፤ ሰውነትም አብዛኛውን አይወስደውም። መቅረት ያለበት ሐኪም ያላዘዘው የአይረን ኪኒን ነው። «ደም ይሆንሃል» ተብሎ የሚቀርበው ጥሬ ሥጋም ይቅር፤ በኬሞቴራፒ መከላከያው ለደከመ ሰው አደገኛ ነው፣ አንዳንድ ባክቴሪያ ደግሞ ብረት በበዛበት ሰውነት ይበልጥ ይራባል።

ትርፉን ብረት ይዘው የሚያስወጡ መድኃኒቶች አሉ። የቆየው ዴፈሮክሳሚን በትንሽ ፓምፕ ከቆዳ ሥር ከ8 እስከ 12 ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ሌሊትና ከዚያ በላይ ይሰጣል። በቀን አንዴ በአፍ የሚወሰደው ዴፈራሲሮክስ ሲመጣ ብዙዎችን ከመርፌው ገላግሏል፤ ሆኖም ኩላሊትንና ጉበትን ሊጎዳ፣ ጨጓራና አንጀትን ሊያደማ ስለሚችል ያለ ደም ምርመራ ክትትል አይወሰድም። ካንሰሩ በጣም ለተስፋፋበት ወይም ፕላትሌቱ ከ50,000 በታች ለወረደ ሰው ጭራሹን አይታዘዝም።

እዚህ ላይ ሻንጣው እንደገና ችግር ያመጣል። ዴፈራሲሮክስ በሁለት ዓይነት ይሠራል፦ በውሃ ሟሙቶ የሚጠጣና እንዳለ የሚዋጥ። የሚሟሟው 500 ሚሊግራም ከሚዋጠው 360 ሚሊግራም ጋር ነው የሚመጣጠነው። አንዱ ዘመድ ከዱባይ የሚሟሟውን፣ ሌላው ከአሜሪካ የሚዋጠውን ቢያመጣና ታማሚው በሚሊግራሙ ብቻ ቢተካው ሳያውቅ ከታዘዘለት በላይ ይወስዳል። መድኃኒቱ ከነማሸጊያው፣ ከነማዘዣው ይምጣ፤ ከመጀመሩ በፊትም ሐኪሙ ማሸጊያውን ይየው።

የደም ካንሰሩ ጠፍቶለት ሄሞግሎቢኑ የተስተካከለ ሰው ግን እነዚህ ሁሉ ላያስፈልጉት ይችላሉ። ሐኪሙ በየተወሰነ ጊዜ ግማሽ ሊትር ገደማ ደም ይቀዳለታል፤ በእያንዳንዱ ጊዜ አንድ ከረጢት ያስገባውን ያህል ብረት ይወጣል፣ መቅኒውም አዲስ ደም ሲሠራ ከተከማቸው ይወስዳል። «ታዲያ ዋግምትስ?» የሚል ሰው አይጠፋም። በዋግምት የሚወጣው ደም ጥቂት ነው፣ መጠኑም አይታወቅም፤ ፕላትሌቱ ላነሰ ታማሚ ደግሞ የተበጣው ቦታ አልቆም ብሎ ሊደማና ሊያመረቅዝ ይችላል።