አንድ ክራር እንደ ሙሉ ባንድ፦ ስለ ዲሌይና ሉፐር ፔዳሎች አጠቃቀም



እንደሚታወቀው በስደት ኑሮ ባንድ አይረጋም። ማሲንቆ መቺው ወደ ሦስተኛ አገር ይሄዳል፤ ከበሮ መቺው ወደ ሌላ ካምፕ ይዛወራል፤ ክራር ተጫዋቹ ብቻውን ይቀራል። ሠርግና በዓል ግን አይቀሩም። ስለዚህ በዚህ ዕትማችን አንድ ሰው ብቻውን ድምፅ በድምፅ ላይ እየደረበ የሚጫወትበትን ዘዴ እናብራራለን።

ዘዴው አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው ቴሪ ራይሊ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ሁለት ቴፖችን በአንድ ክር አገናኝቶ፣ አንዱ የቀረጸውን ሌላው ዘግየት ብሎ እንዲያሰማ ያደርግ ነበር። በ1983 እ.ኤ.አ. ቦስ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ዲዲ-2 የተሰኘ ዲጂታል ዲሌይ በእግር በሚረገጥ ትንሽ ሣጥን አወጣ፤ ድምፅን እስከ 800 ሚሊ ሴኮንድ ያዘገይ ነበር። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው የላይን 6 ዲኤል4 ደግሞ 14 ሴኮንድ የሚቀርጽ ሉፕ ነበረው።

የሁለቱ ልዩነት ይህ ነው። ዲሌይ፣ ብዙዎቻችን ኢኮ የምንለው፣ ድምፁን አዘግይቶ ይደግምና እየደከመ ይጠፋል። ሉፐር ግን የተቀረጸውን እስክናስቆመው ድረስ ይደጋግማል። በአብዛኞቹ ሉፐሮች ፔዳሉ አንዴ ሲረገጥ መቅረጽ ይጀምራል፤ ሁለተኛ ሲረገጥ ቀረጻውን ዘግቶ ያጫውታል፤ ከዚያ በኋላ ሌላ መስመር መደረብ ይቻላል።

አንደኛ፣ ቅደም ተከተሉን እንወቅ። የተለመደው ከክራሩ ማይክ ወደ ዲስቶርሽን፣ ከዚያ ወደ ዲሌይ፣ ከዚያ ወደ ሉፐር፣ በመጨረሻ ወደ አምፕሊፋየር ነው። ከሉፐር በፊት ያለው ሁሉ አብሮ ይቀረጻል። ስለዚህ አንዱን መስመር በኢኮ፣ ሌላውን ያለ ኢኮ መደረብ ይቻላል። ከሉፐር በኋላ የተቀጠለ ፔዳል ግን የተቀረጸውን በሙሉ ይለውጣል። ሁለት ዲሌይ ያለው ሰው አንዱን ከኋላ ቢያደርግ ይጠቅመዋል፤ ሉፑ ሲቆም ድምፁ ድንገት ከመቆረጥ ይልቅ እያስተጋባ ይጠፋል።

ሁለተኛ፣ ጊዜውን እናስላ። 60,000ን በደቂቃ ባለው የምት ቁጥር ብናካፍል የአንድ ምት ርዝመት በሚሊ ሴኮንድ ይገኛል። በደቂቃ 120 ምት ከሆነ 500 ነው። በችክችካ እያንዳንዱ ዋና ምት ለሦስት ስለሚከፈል፣ ዲሌዩ 167 ወይም 333 ላይ ሲሆን ከጨዋታው ጋር ይስማማል። ሉፑን ስንዘጋም ፔዳሉን የምንረግጠው ልክ በሚቀጥለው ዙር የመጀመሪያ ምት ላይ ነው። ጥቂት ብንዘገይ ስሕተቱ በየዙሩ ይደገማል።

ሦስተኛ፣ ጥንቃቄ እናድርግ። የዲሌዩ የድግግሞሽ ቁልፍ ከልክ በላይ ከዞረ ድምፁ በራሱ እያደገ ጆሮና ስፒከር ሊጎዳ ይችላል። አብዛኞቹ ፔዳሎች የሚሠሩት በ9 ቮልት ነው፤ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ ከተገላበጠ ሊቃጠሉ ስለሚችሉ ከመሰካት በፊት ምልክቱን ማንበብ ያስፈልጋል። ክራሩን ከትዝታ ወደ ባቲ ስንቃኝ ደግሞ የቀድሞውን ሉፕ እናጥፋ፤ አለዚያ ሁለቱ ቅኝቶች ይጋጫሉ።

በመጨረሻ አንድ ነገር እንዳይዘነጋ። ሉፕ ዘፋኝን አይጠብቅም፤ ጭብጨባው ሲፈጥንም አብሮ አይፈጥንም። ከበሮ የሚመታ አንድ ሰው እንኳ ከተገኘ ምቱን ለእሱ መተው፣ ሉፑንም ለመግቢያና ለዝግታ ዜማ ብቻ ማዋል ይሻላል። ፔዳሉ የሄደውን ጓደኛ አይተካም፤ ሌላው እስኪመጣ ድረስ ግን ጨዋታው እንዳይቋረጥ ይረዳል።