በአንዱ መናገር፥ በሌላው መስማት

በ2023 እ.ኤ.አ. የአማተር ራዲዮ ሰዎች ሰው በማይኖርባት በኖርዌይ ደሴት በቡቬ በሰፈሩ ጊዜ፥ ከየአገሩ እጅግ ብዙ ጠሪ ተነሣባቸው። ሁሉም ደሴቲቱ በምትናገርበት ፍሪክዌንሲ ቢጠራ ኖሮ የርሷን ድምፅ በዋጠው ነበር።

ስለዚህም እንዲህ ያለ ጣቢያ በሁለት ፍሪክዌንሲ ይሠራል። ለምሳሌ በ14,195 ኪሎኸርዝ ይናገርና ጠሪዎቹን ከ5 እስከ 10 ኪሎኸርዝ ከፍ ብሎ ያዳምጣል። ጠሪውም እንዲሁ ከታች እየሰማ ከላይ ይጠራል። መልስ የተሰጠው ለማን እንደ ሆነ ሁሉም ስለሚሰማ ሌላው ዝም ይላል፤ ዝም ማለት ይገባዋል ማለታችን ነው።

ችግሩ ከሰው ነው። አንዱ ቁልፉን መጫን ይረሳና በጣቢያው ድምፅ ላይ ይጠራል፤ «ከፍ በል!» እያሉ የሚቈጡትም እዚያው ስለሚጮኹ ጥፋቱን እጥፍ ያደርጉታል። የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ነንና ይህ አንዳንድ ስብሰባችንን ያስታውሰናል።

ኃይለኛ ማሰራጫ የሌለው ሰው ሀብቱ ጆሮው ነው። በመጨረሻ መልስ ያገኘው ጠሪ የት እንደ ነበረ ፈልጎ ያገኛል፤ ኦፕሬተሩ ወደ ላይ እየሄደ ከሆነ ጥቂት ቀድሞ ይጠብቀዋል። በዚህ ዘዴ ደካማው ብርቱውን ሲቀድም ይታያል።

አንድ ነገር ግን ቅር ያሰኘናል፤ ኦፕሬተሩ የሚያዳምጥበትን ስፍራ እስከ 20 ኪሎኸርዝ ቢያሰፋ፥ በዚያ ሲነጋገሩ የነበሩት ወዴት ይሂዱ?