ሰደፍ እና አዲስ አፈሙዝ

ሰደፍ በጠባብ ትርጉሙ የጠመንጃ እንጨት ትከሻ ላይ የሚያርፈው የኋላ ክፍል ነው። በሰፊው ግን አፈሙዙን ማለትም በርሜሉን የሚሸከመው እንጨት በሙሉ ሰደፍ ይባላል። አሮጌ ጠመንጃ አዲስ አፈሙዝ ሲገጠምለት፣ የነበረውን ሰደፍ አስተካክሎ መጠቀም ወይም በአዲስ መተካት ግድ ይሆናል።

በታሪክ

ሰሜን ከጠመንጃ ጋር የቆየ ትውውቅ አለው። ደጃዝማች ውቤ በምጽዋ በኩል ያስገቧቸው መሣሪያዎች በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ጦርነት ላይ በካሣ ኃይሉ፣ በኋላ ዓፄ ቴዎድሮስ፣ እጅ ወደቁ። የዚያ ዘመን ጠመንጃዎች ባሩድና ጥይት በአፈሙዝ የሚጎርሱ ነበሩ።

በአማርኛ ስናድር የተባለው ጠመንጃ የማስተካከል ምርጫ ውጤት ነው። እንግሊዝ የአሜሪካዊውን የያዕቆብ ስናይደርን ዘዴ በ1866 እ.ኤ.አ. ተቀብላ፣ በአፈሙዝ ይጎርስ የነበረውን የ1853 ኤንፊልድ ከኋላው ጥቂት ቆርጣ ወደ ጎን የሚከፈት መዝጊያ ገጠመችለት። ቀሪው አፈሙዝና እንጨቱ እንዳሉ ቀሩ፤ እንጨቱ የተፈለፈለው ለመዝጊያው ያህል ብቻ ነው። በ1868 እ.ኤ.አ. ወደ መቅደላ የመጣው የናፒየር ጦር ይህን መሣሪያ ይዞ ነበር።

ውጅግራ ስሙን ያገኘው «ፉዚ ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ መጠሪያ ነው። ባለ 11 ሚሊሜትሩ የ1874 እ.ኤ.አ. ግራ የቀድሞውን ሻስፖ ጠመንጃ ከወረቀት ጥይት ወደ ባለ ቀለህ ጥይት ያሸጋገረ ሲሆን፣ ብዙ ሻስፖዎችም ተቀይረው ግራ ሆነዋል። ለዚህ ርዕስ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የ1914 እ.ኤ.አ. ለውጥ ነው። ፈረንሳይ ለበን ጠመንጃ ሲያጥራት የግራን አፈሙዝ አውልቃ እንደ ለበን ያለ ባለ 8 ሚሊሜትር አፈሙዝ ተካች። ሰደፉን አልጣለችውም፤ ከአፈሙዙ በላይ እጅን ከሙቀት የሚከላከል አጭር እንጨት ጨመረችበት እንጂ። ለሰደፍ የሚሆን የዋልነት እንጨት በአየር ለመድረቅ ዓመታት ይፈልጋል፤ ጦርነት ደግሞ ይህን ያህል አይታገሥም።

ምርጫው በምን ይወሰናል?

አዲሱ አፈሙዝ ከቀድሞው ከወፈረ፣ ቦዩ በጥቂቱ እየተፋቀ ይሰፋል። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የተፋቀ እንጨት አይመለስም፣ ግድግዳውም ከሳሳ ይሰነጠቃል። አፈሙዙ ከቀጠነ ቦዩ ላይ ስስ እንጨት ይለጠፋል፣ ወይም በዛሬው ዘመን ኢፖክሲ ይሞላበታል። በሁለቱም ሁኔታ አፈሙዙን እንጨቱ በአንድ ጎን ብቻ መግፋት የለበትም፤ ከገፋው ጥይቱ ካነጣጠሩበት ይስታል።

ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በክረምት ዝናብና ጉም፣ በበጋ ደረቅ ነፋስ ይፈራረቁባታል። እንጨት እርጥበት ሲስብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ስለዚህ በሐምሌ ልክ የነበረ ቦይ በጥር ሊላላ ይችላል። ዳባትና ሌሎች የአካባቢው ደጋዎችም ከዚህ አያመልጡም። ዘይት የጠገበ ሰደፍ ለውጡን ይቀንሳል እንጂ አያስቀርም።

ከመያዣው በላይ ያለው ቀጭን አንገት ከተሰነጠቀ፣ ወይም የግፊቱን ኃይል የሚቀበለው እንጨት ከበሰበሰ፣ መተካቱ ይሻላል። ከአካባቢው እንጨቶች ወይራ ጠንካራ ቢሆንም ከባድ ነው፤ ጥድ በቀላሉ ይሰነጠቃል፤ ዋንዛ ለመጥረብ ገር ነው፣ ጥንካሬው ግን ከወይራ ያንሳል። ከሁሉ በላይ የእንጨቱ ጅማት በአንገቱ በኩል ቀጥ ብሎ መሄድ አለበት፤ ጅማቱ ተሻግሮ ከተቆረጠ የትኛውም እንጨት ይከዳል።

የታሪክ ዋጋ

በሰሜን ጎንደር ጠመንጃ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ንብረትም ነው። መስከረም 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ከደባርቅ አጠገብ በወልከፊት የነበረው የጣልያን ጦር እጁን ከመስጠቱ በፊት ምሽጉን ከከበቡት መካከል አርበኞች ይገኙበታል። ከዚያ ዘመን ለቀረ መሣሪያ ሰደፉ ራሱ ሰነድ ነው። በፈረንሳይ ጠመንጃዎች ሰደፍ ቀኝ ጎን ላይ የሚታተመው ክብ ማኅተም ስለ አሠራሩ ይናገራል፤ ሰደፉን አለስልሶ መፋቅ ማኅተሙን ያጠፋል። ስለዚህ መተካት የግድ ቢሆን እንኳ አሮጌውን እንጨት መጣል ሳይሆን ማስቀመጥ ተመራጭ ነው።

በኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ መያዝም ሆነ መጠገን በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት በፈቃድ የሚፈጸም ነው።