ኢሬዘርሄድስ፦ የሰው ዘፈን ያልሆነላቸው ልጆች

ፊሊፒናዊ ሙዚቀኛ የሰውን ዘፈን ቁርጥ ራሱን አድርጎ በመጫወት እስያን ያዳረሰ ነው። ከሆንግ ኮንግ እስከ ዱባይ የሆቴል መድረክ ላይ የሚያገኙት ባንድ አብዛኛውን ጊዜ የማኒላ ልጆች የቆሙበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 በኬሶን ሲቲ፣ ዲሊማን በሚገኘው የፊሊፒንስ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የተገናኙት አራት ተማሪዎች ግን ይህ ሙያ አልሆነላቸውም። መሣሪያውን ገና አልተካኑትም፤ የታወቀ ዘፈን ሲሞክሩ ይበላሽባቸዋል። ምን ይሻላል? የራሳቸውን መጻፍ ያዙ። ከዚህ ድክመት የተነሣው ባንድ በአሥር ዓመት ውስጥ የአገሩ ዝነኛ ሆነ።

ኤሊ ቡዌንዲያ ይዘፍናል፣ ጊታርም ይመታል፤ አብዛኛው ግጥምም የእሱ ነው። ማርከስ አዶሮ ሊድ ጊታር፣ ባዲ ዛባላ ቤዝ፣ ሬይመንድ ማራሲጋን ድራም። ኢሬዘርሄድስ የሚለውን ስማቸውን የወሰዱት ከዴቪድ ሊንች የ1977 ፊልም ነው። ፊልሙን ያየ ሰው እነዚህ ልጆች ጨለማ ነገር ይጫወታሉ ብሎ ቢጠብቅ አይፈረድበትም፤ የሚሰማው ግን ጣፋጭ ዜማ፣ ቀልድና የግቢ ወሬ ነው።

በ1991 ለናሙና የቀዱትን ካሴት ይዘው አሳታሚዎችን ዞሩ። ለገበያ አይሆንም ተብለው ተመለሱ። በክለብ መጫወቱን ሳይተዉ ቆይተው በ1993 ቢኤምጂ የተባለው አሳታሚ የመጀመሪያ አልበማቸውን «አልትራኤሌክትሮማግኔቲክፖፕ!» አወጣላቸው። ይህ ረጅም ስም ለማኒላ ልጅ እንቆቅልሽ አልነበረም። «ቮልተስ ፋይቭ» በሚባለው የጃፓን የካርቱን ተከታታይ ፊልም ውስጥ ካለ መሣሪያ ስም የተኮረጀ ነው። ያንን ካርቱን ደግሞ ፕሬዚዳንት ማርኮስ በ1979 መጨረሻው ሊታይ ጥቂት ክፍሎች ሲቀሩት ከቴሌቪዥን አግደውት ነበር። የአንድ ትውልድ ልጆች የፊልሙን ፍጻሜ ሳያዩ አደጉ። አልበሙን የገዙት እነዚያው ልጆች ናቸው።

ከአልበሙ ውስጥ «ፓሬ ኮ» የተባለው፣ «ወዳጄ ሆይ» እንደማለት ነው፣ ሴት ያታለለችው ተማሪ ለጓደኛው የሚያወጋው ብሶት ነው። ታጋሎግና እንግሊዝኛ ተደባልቆበታል፤ ስድብም አለበት። ለሬዲዮ ስድቡ የወጣለት ቅጂ ተዘጋጀ፤ ሕዝቡ ግን የሚዘፍነው የቱን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። በሚቀጥለው ዓመት በወጣው «ሰርከስ» ላይ ያለው «አላፓፕ» ደግሞ አደንዛዥ ዕፅን ያወድሳል ተብሎ እንዲታገድ ሴናተር ቲቶ ሶቶ ጠየቁ። ሴናተሩ ራሳቸው በወጣትነታቸው የባንድ ሙዚቀኛ፣ ኋላም ኮሜዲያን የነበሩ ሰው መሆናቸው ነገሩን ያስቃል። ባንዱ ዘፈኑ ስለ ነፃነት ነው ብሎ ተከራከረ፤ ዘፈኑም እስከ ዛሬ ይሰማል።

ሁሉም ቢቀር አንድ ሥራቸው ብቻውን ያቆማቸዋል፤ እሱም በ1995ቱ «ከተርፒሎ» አልበም ላይ ያለው «አንግ ሁሊንግ ኤል ቢምቦ»፣ የመጨረሻው ኤል ቢምቦ። ኤል ቢምቦ በ1970ዎቹ ከአንድ የፈረንሳይ ዘፈን ጋር የተስፋፋ ጭፈራ ነው። ተራኪው በልጅነቱ ይህን ጭፈራ ያስተማረችውን ልጅ ያስታውሳል። መልኳን ከድሮዋ የፊልም ተዋናይት ከፓራሉማን ጋር ያመሳስለዋል፤ ከትምህርት በኋላ ቤቷ ይሄዳል፣ እጇን ይዞ ይጨፍራል፣ ፍቅሩን ግን አይነግራትም። ዓመታት ያልፋሉ። ልጅቱ ያለ ባል ልጅ ወልዳ በማኒላው የኤርሚታ ሰፈር ሳህን አጣቢ መሆኗን ይሰማል። ከዚያ አንድ ሌሊት በጨለማ መንገድ መኪና ገጭቷት ትሞታለች። ይህ ሁሉ የሚነገረው ሰውነትን በሚያወዛውዝ ዜማ ነው። ዘፈኑ ከ7 ደቂቃ በላይ ይረዝማል፤ ቃሉ ካለቀ በኋላ ጊታሩ አልቆም ይላል። ለእኔ ሐዘኑ ያለው ከታሪኩ ይልቅ እዚያ፣ ጭፈራው ያለ ልጅቱ በሚቀጥልበት ቦታ ላይ ነው። ክሊፑን ኦሬየስ ሶሊቶ አዘጋጅቶት በ1997 ኒውዮርክ ላይ በኤምቲቪ የእስያ ተመልካቾች ምርጫ ሽልማት አገኘ፤ ለፊሊፒናውያን የመጀመሪያው ነበር።

ከዚያ በኋላ ጥቂት አልበሞች ሠሩ፣ ሙዚቃቸውም ወደ ኤሌክትሮኒክ ድምፅ አዘነበለ፤ እንደ ፊተኞቹ ግን አልሆነም። በ2002 ኤሊ መውጣቱን በሞባይል አጭር መልእክት አሳወቀ ይባላል። ኋላም እኛ እኮ ያን ያህል ጓደኛሞች አልነበርንም ብሎ በግልጽ ተናግሯል፤ አድናቂዎቹን ያስከፋ፣ ግን እውነተኛ የሚመስል ቃል ነው።

ነሐሴ 30 ቀን 2008 ለአንድ ምሽት ተገናኙ። ኤሊ እናቱን ያጣው በዚያው ሳምንት ነው። የመጀመሪያውን ክፍል ተጫውቶ በዕረፍቱ ሰዓት ልቡ አልችል ብሎት ሆስፒታል ተወሰደ፤ ኮንሰርቱም በግማሽ ቀረ። የቀረውን ግማሽ በመጋቢት 2009 በማኒላ ባሕር ዳርቻ ለታላቅ ሕዝብ ተጫወቱ። ቀድሞ አብሯቸው የቀዳው ራፐር ፍራንሲስ ማጋሎና ከዋዜማው ቀን አርፎ ስለነበር ምሽቱ የእሱም መታሰቢያ ሆነ።

በ2021 አንድ አድናቂ በትዊተር መቼ ትገናኛላችሁ ብሎ ኤሊን ቢጠይቀው፣ ሌኒ ሮብሬዶ ለፕሬዚዳንትነት ከተወዳደረች ሲል መለሰ። በወቅቱ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበሩት ሮብሬዶ ተወዳደሩ፤ ካርቱኑን ባገዱት በማርኮስ ልጅም ተሸነፉ። ባንዱ ግን በታኅሣሥ 2022 መድረክ ላይ ወጣ።

በቤይሩት፣ በዱባይ ወይም በሪያድ ከፊሊፒናውያን ጋር የምትሠሩ ካላችሁ፣ ኤል ቢምቦን ታውቂዋለሽ ብላችሁ ጠይቁ። ከመጠየቃችሁ በፊት ግን ዘፈኑን እስከ መጨረሻው አድምጡት።