ኪኒኑ ሳይፈጭ እንዴት ይመረመራል?

የወባ ኪኒን ገዝተዋል እንበል። ማሸጊያው ንጹሕ ነው፤ የፋብሪካው ስምና የአገልግሎት ማብቂያው ታትሞበታል። ውስጡ መድኃኒት ይሁን ተራ ዱቄት ግን ዓይን አይለየውም።

ማስ ስፔክትሮሜትር ይለየዋል፤ ሞለኪውሎችን በክብደታቸው የሚለይ መሣሪያ ነው። ችግሩ፣ ሞለኪውሉን የሚያውቀው የኤሌክትሪክ ሙል ሲኖረው፣ ማለትም አዮን ሲሆን ብቻ ነው፤ የሚለየውም አየር ተመጥጦ በወጣለት ክፍል ውስጥ ነው። ስለዚህ ናሙናው አስቀድሞ ይፈጫል፣ ይሟሟል፣ ይጣራል። ብዙ ሰዓት የሚወስደው ይኸው ዝግጅት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ግርሃም ኩክስና ባልደረቦቻቸው ነገሩን ገለበጡት፤ ናሙናውን ወደ ማሽኑ ከማስገባት ይልቅ አዮን የማድረጉን ሥራ ወደ ውጭ፣ ወደ ተራው አየር አወጡት። ዴሲ በተባለው ዘዴያቸው ኤሌክትሪክ የተሞላ የውሃና የሜታኖል ጠብታ በኪኒኑ ገጽ ላይ በኃይል ይረጫል። ዝናብ ጭቃ ላይ ሲወርድ ሱሪ ላይ የሚፈናጠረው ጠብታ አፈሩን ይዞ እንደሚነሣ ሁሉ፣ ይህም ጠብታ የመድኃኒቱን ሞለኪውል ይዞ ይነሣል። ፈሳሹ በመንገድ ላይ ይተናል፤ የቀረውን አዮን የማሽኑ ቱቦ ይስበዋል። ውጤቱ በሰከንዶች ውስጥ ይደርሳል። በዓመቱ ይፋ የሆነው ዳርት ደግሞ ፈሳሽ አያሻውም፤ ጉልበት የተሰጠው የሂሊየም ጋዝ በአየር ውስጥ ያለውን የውሃ ተን አዮን ያደርጋል፣ እሱም በተራው ለናሙናው ፕሮቶን ያቀብላል።

ሁለቱም ዘዴዎች በደቡብ ምሥራቅ እስያ ገበያ የተሰበሰቡ፣ አርቴሱኔት የተባለውን የወባ መድኃኒት ይዘዋል የተባሉ ኪኒኖችን ለመመርመር ውለዋል። ከሐሰተኞቹ መካከል አርቴሱኔት የሌለባቸው፣ በምትኩ ፓራሲታሞል ያለባቸው ተገኙ። ከዚህ የከፋ ክፋት አላውቅም። ፓራሲታሞል ትኩሳቱን ያበርዳል፤ ሕመምተኛው ተሻለኝ ይላል፤ ተውሳኩ ግን በደሙ ውስጥ መራባቱን ይቀጥላል። ማሽኑ ላይ ግን ማታለያው አይደበቅም፤ ፓራሲታሞል አንድ ፕሮቶን ተጨምሮበት በማሽኑ የክብደት መለኪያ 152 ላይ ይወጣል።

ዘዴው የሚያየው በዋናነት ገጹን ነው። «ምን አለ?» ለሚለው ፈጥኖ ይመልሳል፤ «ስንት ሚሊግራም?» ለሚለው ግን ያን ያህል አይታመንም። መድኃኒቱ ያለበት ኪኒን መጠኑ በትክክል እንዲታወቅ አሁንም ተፈጭቶ በተለመደው መንገድ ይመረመራል። መድኃኒቱ ያልታየበትን ግን ማረጋገጫው እስኪመጣ ድረስ በዚያው ቀን ከሽያጭ ማገድ ይቻላል።