ርካሽ አረቦን፣ ውድ ጭረት

መንጃ ፈቃድ ገና ያወጣ ወጣት፣ ወይም መኪናውን የሚያውሰው አባት፣ ዋስትና ሊገባ ሲነሳ ቀድሞ የሚጠይቀው «የትኛው ኢንሹራንስ ይረክሳል?» ብሎ ነው። ወኪሉ ሁለት ሦስት ቦታ ይደውላል፣ ዋጋ ያመጣል፣ ዝቅተኛው ይመረጣል፤ ውሉም ሳይነበብ ከሊብሬው ጋር ይታጠፋል። ጀማሪ ሹፌር በዚህ አመራረጥ የሚከስርበት አጋጣሚ ብዙ ነው። በእኛ ገበያ የልምድ ማነስ ዋጋ አረቦኑ ላይ እምብዛም አይታይም፤ የሚታየው መኪናው ተጋጭቶ ጋራዥ የገባ ዕለት ነው።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚወጣው ከብሪታንያ ጋር ሲነጻጸር ነው። እዚያ አረቦን ሲሰላ የሹፌሩ ማንነት ትልቅ ክብደት አለው። ዕድሜው፣ ፈቃድ ከያዘ የቆየበት ጊዜ፣ የሚኖርበት ሰፈርና ሥራው ይጠየቃል። ለአንድ የ18 ዓመት ወጣት የሚመጣው የዓመት ክፍያ ከሚነዳት አሮጌ መኪና ዋጋ የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ቀድሞ ወጣት ሴቶች ከወንዶቹ ያነሰ ይከፍሉ ነበር፤ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በሰጠው ውሳኔ ምክንያት እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2012 ወዲህ በጾታ ዋጋ መለየት ቀርቷል። ክፍያው የከበዳቸው ወጣቶች ፍጥነታቸውን፣ የፍሬን አያያዛቸውንና የሌሊት ጉዟቸውን የሚመዘግብ መሣሪያ መኪናቸው ላይ ያስገጥማሉ፤ በጥንቃቄ የነዳም ውሉን ሲያድስ ቅናሽ ሊያገኝ ይችላል። አዲስ አበባ ላይ አሥር ዓመት የነዳ ሰውም ለንደን ሲኖር እንደ ጀማሪ ሊታይ ይችላል። የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ በቀጥታ ስለማይቀየርለት፣ በአገሩ ፈቃድ መንዳት ከሚችልባቸው የመጀመሪያ 12 ወራት በኋላ የጽሑፉንም የተግባሩንም ፈተና ማለፍ ይኖርበታል፤ በእጁ የሚይዘውም ፈቃድ አዲስ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ ሁለት ዓይነት ዋስትና መለየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው የሶስተኛ ወገን ነው። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ግዴታ ነው፤ ያለ እሱ ቦሎ አይታደስም። ታሪፉ በመንግሥት የተወሰነ በመሆኑ እዚህ ላይ ድርጅት በማማረጥ የሚተርፍ ገንዘብ የለም። ጀማሪ ሹፌር ሊያስብበት የሚገባው ሽፋኑ የት ድረስ እንደሚዘልቅ ነው። አዋጁ ሲወጣ በሌላ ሰው ንብረት ላይ ለሚደርስ ጉዳት የተቀመጠው ጣሪያ 100 ሺህ ብር፣ ለሞትና ለአካል ጉዳት ደግሞ 40 ሺህ ብር ነበር። ጣሪያው ከፍ ባለ ቁጥር ስጋቱ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም፤ ከጣሪያው በላይ ያለው ዕዳ የባለመኪናው ነው። ዛሬ አስፋልቱ ላይ ያሉት አዳዲስ የኤሌክትሪክ መኪኖች የፊት መብራትና ቦዲ ምን ያህል እንደሚያስወጣ ጋራዥ የገባ ያውቀዋል። ስለዚህ ሙሉ ዋስትና መግባት ያልቻለ ወጣት እንኳ የሶስተኛ ወገን ሽፋኑን ከግዴታው በላይ ከፍ ማድረግ ምን ያህል እንደሚያስጨምረው ቢጠይቅ ያዋጣዋል።

ሁለተኛው ሙሉ ዋስትና ነው። እዚህ ድርጅቶቹ ይወዳደራሉ፤ ዋጋውም ይለያያል። የስሌቱ መነሻ ግን መኪናው ነው፤ የተገመተበት ዋጋ፣ ዓይነቱ፣ የሚሰጠው አገልግሎት። በዚያ ላይ የተሳፋሪዎች አደጋ፣ የሽፍታና የሽምቅ ጥቃት የመሳሰሉ ተጨማሪዎች እንደ ፍላጎት ይታከላሉ። መሪውን የሚይዘው የ20 ዓመት ወጣት ይሁን የ50 ዓመት ጎልማሳ በአረቦኑ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ከብሪታንያው ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው።

ይህ ለጀማሪው ስጦታ ይመስላል። ድርጅቱ ግን ድርሻውን በሌላ በር ያስገባል፤ በሩም ኤክሰስ ነው። ኤክሰስ ማለት ከእያንዳንዱ ጉዳት ላይ ዋስትና ገቢው ራሱ የሚችለው የመጀመሪያ ክፍያ ነው። ዕድሜው ከተወሰነ በታች የሆነ ወይም ፈቃድ ካወጣ ጥቂት ጊዜ የሆነው ሹፌር ሲነዳ ይህ ክፍያ እንደሚጨምር የሚገልጽ አንቀጽ በውሉ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ዋጋ ሲጠየቅ ወኪሉ አያነሳውም፤ ደንበኛውም አይጠይቅም።

በምሳሌ እናስላው፤ ቁጥሮቹ ለስሌት ብቻ የተወሰዱ ናቸው። አንደኛው ድርጅት አረቦን 30 ሺህ ብር ጠየቀ፤ ኤክሰሱ ለማንኛውም ሹፌር 10 ሺህ ብር ነው። ሁለተኛው አረቦኑን 24 ሺህ አደረገው፤ ጀማሪ ሲነዳ ግን ኤክሰሱ 30 ሺህ ይሆናል። ጀማሪው በዓመቱ ውስጥ ጉዳት የማድረስ ዕድሉ ከሦስት አንድ ነው እንበል። የመጀመሪያው ውል የሚያስወጣው በአማካይ 33,333 ብር ሲሆን የሁለተኛው 34 ሺህ ብር ይሆናል። ስድስት ሺህ ብር ርካሽ የመሰለው ውል ተወደደ ማለት ነው። ኤክሰሱ እንዳለ ሆኖ የጉዳት ዕድሉን ወደ ከአሥር አንድ ብናወርደው ስሌቱ ይገለበጣል፤ የመጀመሪያው 31 ሺህ፣ ሁለተኛው 27 ሺህ ይሆናል። አንጋፋውን የሚጠቅመው ውል ጀማሪውን የሚጎዳው በዚህ ምክንያት ነው።

የኢኮኖሚክስ ምሁራኑ ማይክል ሮትስቻይልድና ጆሴፍ ስቲግሊትዝ ይህን ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተሙት ጥናት አሳይተዋል። የመድን ድርጅት የደንበኛውን የአደጋ ስጋት በዓይኑ ማየት ካልቻለ የተለያዩ ውሎችን ደርድሮ ሰውየው ራሱን በራሱ እንዲለይ ያደርጋል፤ ስጋቱ ዝቅ ያለው ከፍተኛ ኤክሰስ ያለውን ርካሽ ውል፣ ስጋቱ ከፍ ያለው ሰፊ ሽፋን ያለውን ውድ ውል ይመርጣል። ጀማሪ ሹፌር በዋጋ ብቻ ሲመርጥ ለሌላ ሰው የተሰፋ ውል ይፈርማል።

ሁለተኛው ወጥመድ የመኪናው ግምት ነው። አረቦን ለመቀነስ ቀላሉ መንገድ መኪናውን ከገበያ ዋጋው በታች ማስመዝገብ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ደግሞ ይህ ሳይታሰብም ይደርሳል፤ የመኪናና የመለዋወጫ ዋጋ ሲያሻቅብ ውሉ በአሮጌው ግምት ይታደሳል። 1.6 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ቪትዝ በ800 ሺህ ብር ተመዝግቦ 200 ሺህ ብር ጉዳት ቢደርስበት፣ ውሉ የተመጣጣኝነት አንቀጽ ካለው ድርጅቱ የሚከፍለው ግማሹን ነው። ከዚያም ላይ ኤክሰሱ ይቀነሳል። መኪናው ያረጀ ከሆነ ደግሞ ለሚገባለት አዲስ መለዋወጫ የእርጅና ተቀናሽ የሚጠይቁ ድርጅቶች አሉ። አረቦኑ የተቀነሰለት ወጣት ለዕቃው፣ ለቀለሙና ለቦዲ ሠራተኛው ከኪሱ ሲያወጣ የቆጠበው ብር ብዙ አይራመድም።

ሦስተኛው ሹፌሩንና ሥራውን መደበቅ ነው። አባት ውሉን በስሙ ገብቶ መኪናውን ዘወትር የሚነዳው ልጁ ከሆነ ይህን መናገር አለበት። የ1952ቱ የንግድ ሕግ የመድን ክፍል ዋስትና ገቢው የሚያውቀውን ለስጋቱ መመዘኛ የሚሆን ነገር ሁሉ በትክክል እንዲገልጽ ያስገድዳል፤ ሆን ብሎ የደበቀ ውሉ ሊፈርስበት ይችላል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 ደግሞ ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂው ባለቤቱ ነው፤ መሪውን የያዘው ሌላ ሰው ነበር ማለት አያድነውም። ስለዚህ የተደበቀው ልጅ ሲጋጭ ቤቱና ደመወዙ ለአደጋ የሚጋለጠው አባት ነው። መኪናውን በግል መገልገያ አስመዝግቦ በትርፍ ሰዓቱ በመተግበሪያ ተሳፋሪ የሚጭን ወጣትም እንዲሁ ነው። ተሳፋሪ ጭኖ የደረሰበትን ጉዳት ድርጅቱ «ውሉ ይህን አይሸፍንም» ብሎ ቢመልሰው የሚከራከርበት ጥግ አይኖረውም።

ታዲያ በእውነት የሚቀንስ ነገር የለም? አለ። ከሁሉ የሚበልጠው የመኪናው ምርጫ ነው። መለዋወጫው በየሱቁ የሚገኝ መጠነኛ መኪና አረቦኑም ጥገናውም ይቀላል፤ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ውድ መኪና መንዳት በጀማሪነት ላይ ሌላ ወጪ መደረብ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ካሳ ሳይጠይቁ ለከረሙ የሚሰጠው ቅናሽ፣ ኖ ክሌም የሚባለው ነው። ከኤክሰሱ ብዙም የማይበልጥ ጭረት ሲደርስ ለድርጅቱ ሪፖርት እያደረጉም ቢሆን ካሳውን አለመጠየቅ፣ ካሳው ከሚጠፋው ቅናሽ ጋር ሲነጻጸር ሊያዋጣ ይችላል። ከፍ ያለ ኤክሰስ በፈቃደኝነት መቀበልም አረቦን ያስቀንሳል፤ ያ ገንዘብ ባንክ ተቀምጦ ለማይጠብቀው ወጣት ግን ይህ ቁጠባ ሳይሆን ብድር ነው።

የዋጋ አወጣጡ ራሱም ይተቻል። አረቦን መኪናውን ብቻ ሲከተል ጠንቃቃው ወጣት ለግዴለሹ ጓደኛው ጭምር ይከፍላል፤ በዝግታ በመንዳቱ የሚያገኘው ጥቅምም ዘግይቶ የሚመጣ ነው። ድርጅቶቹ የደንበኞቻቸውን የካሳ ታሪክ በጋራ ቋት ቢያስቀምጡ፣ የትራፊክ ጥፋት መዝገብም በሹፌሩ ፈቃድ ለመድን ድርጅቱ ቢደርስ፣ ለጥንቃቄ ዋጋ መስጠት ይቻላል። አደጋ ባደረሰ ማግሥት ወደ ሌላ ድርጅት ሄዶ እንደ ንጹሕ ደንበኛ ከሚመዘገበው ሰው ይልቅ፣ ሦስት ዓመት ያለ ጭረት የነዳው የ23 ዓመት ወጣት ቅናሽ ይገባዋል።

እስከዚያው ድረስ ታሪኩን የሚይዘው ሹፌሩ ራሱ ነው። ከመፈረሙ በፊት ለጀማሪ ሹፌር የተጨመረውን ኤክሰስ፣ የመኪናውን ግምት፣ የተመጣጣኝነት አንቀጹንና የእርጅና ተቀናሹን በጽሑፍ ይጠይቅ። ዓመቱ ሲሞላም ካሳ እንዳልጠየቀ የሚገልጽ ደብዳቤ ከድርጅቱ ያውጣ። በሚቀጥለው ዓመት ስለ ዋጋ የሚደራደርበት ትልቁ ማስረጃ ያ ደብዳቤ ይሆናል።