ላሊበላ ለምን «ድንቅ» አልተባለም?

ባለፈው ቅዳሜ ከዕረፍት ስንመለስ አንድ የ11 ዓመት ተማሪያችን በደችኛ ሲከራከር ደረስን። ነገሩ «ሲቪላይዜሽን» ስለሚባለው የኮምፒውተር ጌም ነው። «ፒራሚድ ድንቅ ነው፣ ላሊበላ ግን አይደለም። ለምን?» ይላል። በአማርኛ ድገመው ብንለው «ድንቅ» የሚለው ቃል ጠፋበት። ቃሉን ነገርነውና የዕለቱን ትምህርት ወደዚያው አዞርነው።

ውድ ወላጆች፣ ብዙዎቻችሁ «ጌም ልጃችንን ወሰደብን» ትሉናላችሁ። ስለዚህ መጀመሪያ ጨዋታው ምን እንደሆነ እንንገራችሁ። ተጫዋቹ አንድ ሕዝብ ይይዝና ከተማ ይቆረቁራል፣ ያርሳል፣ ይነግዳል፣ ይዋጋል። ትልቁ እሽቅድድም «ድንቆች» በሚባሉት ሥራዎች ላይ ነው። እያንዳንዱ ድንቅ በጨዋታው ዓለም የሚሠራው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ጎረቤትህ ከቀደመህ አለቀ።

ስለዚህ ልጆቹ ሁልጊዜ ያወዳድራሉ። በ6ኛው ሲቪላይዜሽን ፒራሚድ የሚቆመው በረሃ ላይ ሲሆን፣ ሠራተኞችህ እያንዳንዳቸው አንድ ተጨማሪ ሥራ እንዲሠሩ ያደርጋል። ስቶንሄንጅ ድንጋይ ካለበት ቦታ አጠገብ ይሠራል፤ ሃይማኖት ለመመሥረት አቋራጭ መንገድ ነው። ቶሎ መስፋፋት ለሚፈልግ ፒራሚድ ይሻላል፤ በረሃ የሌለው ሰው ግን ባይመኘው ይሻለዋል።

ኢትዮጵያ ወደዚህ ጨዋታ የገባችው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው፤ መሪዋ ዳግማዊ ምኒልክ ናቸው። የእሷ ልዩ ሥራ ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ነው። የሚሠራው ኮረብታ ወይም የእሳተ ገሞራ አፈር ላይ ነው። በዙሪያው ተራራና ኮረብታ በበዛ ቁጥር የሚሰጠው «እምነት» ይጨምራል። ምኒልክ ደግሞ ኮረብታ ላይ በተቆረቆሩ ከተሞች ከእምነቱ 15 በመቶውን ያህል በሳይንስና በባህል ያገኛሉ። ነገር ግን ጨዋታው ይህን ቤተ ክርስቲያን ከድንቆቹ ጋር አልመደበውም። ልጁን ያናደደው ይሄ ነው።

መልሱን ያመጣችው ከኋላ የተቀመጠች ልጅ ናት። «ኔዘርላንድስም እኮ ፖልደር አላት፤ እሱም ድንቅ አይደለም» አለች። እውነቷን ነው። በዚሁ ጨዋታ በንግሥት ዊልሄልሚና የምትመራው ኔዘርላንድስ ልዩ ሥራዋ ፖልደር ነው። ፒራሚድን ደቾቹም ሊሠሩት ይችላሉ፤ መቅደም ብቻ ነው። ከአለት የተፈለፈለውን ቤተ ክርስቲያን ግን ከኢትዮጵያ በቀር፣ ፖልደርን ከኔዘርላንድስ በቀር ማንም አይሠራም። ልጁ ትንሽ ዝም አለና «እንግዲያው የእኛ ይበልጣል» አለ። በአማርኛ!

ከጨዋታው ውጭም ሁለቱ ተገናኝተዋል። ላሊበላ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ነው። በ1612 ውኃው ተጠርጎ መሬት የሆነው የቤምስተር ፖልደር በ1999 ተመዘገበ። በጨዋታው ቤተ ክርስቲያኑን አንድ ሠራተኛ በአንድ ተራ ይጨርሰዋል። ቤተ ጊዮርጊስ ግን ከላይ ወደ ታች ከአንድ አለት የተፈለፈለ ነው። «መፈልፈል» የሚለውን ቃል ያስተማርነው እዚህ ላይ ነው፤ ፎቶውን እያየን።

ክርክሩ ግን አላለቀም። በ2025 በወጣው 7ኛው ሲቪላይዜሽን የአክሱም ታላቁ ሐውልት ድንቅ ሆኗል። ልጆቹ ደስ አላቸው። ወዲያው አንዱ «ድንቅ ከሆነ ሮም ሊቀድመን ይችላል ማለት ነው?» ሲል ጠየቀ። በጨዋታው አዎ። በእውነተኛው ታሪክ ደግሞ ጣሊያን በ1937 አንዱን የአክሱም ሐውልት ወደ ሮም ወስዳዋለች፤ በ2005 ተመልሶ በ2008 በቦታው ቆሟል። እሱ 24 ሜትር ገደማ ነው። በጨዋታው የገባው ታላቁ ሐውልት 33 ሜትር ሲሆን፣ ዛሬም አክሱም ላይ ወድቆ ተሰባብሮ ይገኛል። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ የጥያቄ መዓት ወረደ፤ ግማሹ በአማርኛ፣ ግማሹ በደችኛ።

እኛ ጌም ይብዛ አንልም፤ ሰዓቱን የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። ግን ልጃችሁ ሲጫወት አንድ ጊዜ አጠገቡ ቁጭ በሉና «የቱ ይሻላል? ከየቱ ይበልጣል? ለምን?» ብላችሁ ጠይቁት። ቃል ሲያጥረው አቀብሉት እንጂ ወደ ደችኛ አትሂዱለት።

ለሚቀጥለው ቅዳሜ የቤት ሥራ አለን። እዚህ ስኬቨኒንገን ማዱሮዳም ውስጥ ሕንፃዎቹ 25 ጊዜ አንሰው ተሠርተዋል። እዚያ ከአገር ቤት አንድ ነገር ቢጨመር ልጃችሁ የቱን ይመርጣል? ሦስት ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ይጻፍ። ታላቁን የአክሱም ሐውልት ለሚመርጥ፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ32 ሳንቲም ይሆናል። ከልጃችሁ ይበልጣል ወይስ ያንሳል? ለክታችሁ ላኩልን።